የወንዝ ዳር መንገድ ሲደረመስ፦ የአዳማ ነዋሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

አዳማ ላይ መንገድ የሚበላው ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ አሸዋ ይዛቅበታል፣ ቆሻሻም ይደፋበታል። ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ግን ከዙሪያው ኮረብታ የሚወርደው ጎርፍ በአንድ ከሰዓት ይሞላውና ዳሩን እየናደ ይሄዳል። ከዚያ አስፋልቱ ወይም ኮብልስቶኑ ከሥሩ ባዶ ሆኖ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ባጃጁ በቀረችው ጠባብ ጎን ይሽሎከለካል፣ ነዋሪው ደግሞ ከቢሮ ቢሮ ይመላለሳል። በዚህ ጉዳይ በየሰፈሩ ደጋግመው የሚነሱት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

መንገዱ ተሠርቶ ሳይቆይ ለምን ተደረመሰ? አስፋልቱ ስለቀጠነ ነው?

ሰው የሚያየው አስፋልቱን ስለሆነ መጀመሪያ የሚወቀሰው እሱ ነው። የወንዝ ዳር መንገድ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ከግርጌው ነው። ጎርፉ የቦዩን ወለልና የዳሩን እግር ይቦረቡራል፤ እግሩ ሲሄድ ከላይ ያለው አፈር ደጋፊ ያጣል። አስፋልቱ 5 ሳንቲ ሜትር ይወፍር 10፣ ከሥሩ አፈር ከሌለ ተሰብሮ ይወድቃል።

የአካባቢው አፈርም አያግዝም። አዳማ ያለችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ከሥሯ ያለው በብዛት የእሳተ ገሞራ አመድና ቀላል፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ደረቅ ሳለ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አራት ሜትር ጥልቀት ያለው ቦረቦር ጎኑ ሳይናድ በጋውን ሲከርም ያየ ሰው «ይሄ አለት ነው» ብሎ ያምናል። ውሃ ሲገባበት ግን ይበተናል። ውሃው በውስጡ መሹለኪያ ካገኘ ደግሞ ደቃቁን አፈር ይዞ እየወጣ ከመንገዱ ሥር ባዶ ዋሻ ይተዋል። ላዩ ደህና የሚመስል መንገድ ድንገት ጭነት መኪና የሚውጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ጥፋቱን ያፋጥኑታል። አንደኛው የቱቦ መውጫ ነው። መንገዱን አቋርጦ የሚያልፈው ቱቦ ውሃውን ሰብስቦ በኃይል ወደ ወንዙ ይተፋል። መውጫው ላይ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ንጣፍ ከሌለ ውሃው የወደቀበትን እየቆፈረ ወደ መንገዱ ተመልሶ ይመጣል። ብዙ ቦታ መንገዱ የተቆረጠው ወንዙ ሞልቶ ሳይሆን ከዚህ ቱቦ አፍ ተነሥቶ ነው። ሁለተኛው ከወንዙ ሆድ የሚዛቀው አሸዋና ድንጋይ ነው። ወለሉ በአንድ ሜትር ዝቅ ሲል የግንቡ ወይም የጋቢዮኑ (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሳጥን) መሠረት በአንድ ሜትር ይጋለጣል። ግንቡ ፈረሰ ብሎ ማዘጋጃ ቤቱን የሚከስ ሰፈር መኪና አሸዋ ሲጭን ዝም ብሎ የሚያይ ከሆነ፣ ክሱ ግማሽ ነው።

ጎርፉ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ዝናቡ ጨምሮ ነው?

ዝናቡን ትታችሁ የሚወርድበትን መሬት ብቻ ተመልከቱ። በአንድ ሰዓት ውስጥ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልና ሁሉም ቢወርድ፣ ከአንድ ሄክታር 400 ሜትር ኩብ ውሃ ይመጣል፤ ይህ በሰከንድ 110 ሊትር ያህል ነው። አሥር ሄክታር ሲሆን በሰከንድ ከአንድ ሜትር ኩብ ይበልጣል። ቀድሞ እርሻና ግጦሽ የነበረ መሬት ከዚህ ብዙውን ይመጥ ነበር። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ የተነጠፈ ግቢና ኮብልስቶን ግን አይመጡም። ከላይ ያለው ሰፈር በተሠራ ቁጥር ከታች ያለው ቦይ መስፋት ነበረበት። አብዛኛውን ጊዜ የሆነው ተቃራኒው ነው፦ አጥር ወደ ቦዩ ገብቶ አጥብቦታል።

መንገዱ ሊሄድ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ትይዩ የሆነ ረጅም ስንጥቅ ዋናው ምልክት ነው። መንገዱን በአግድም የሚያቋርጥ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የእርጅና ነው፤ ከወንዙ ጋር አብሮ የሚሄድ ግን አፈሩ መንሸራተት መጀመሩን ይናገራል። የጠርዝ ድንጋዩ ከኮብልስቶኑ መለየቱ፣ የመብራት ምሰሶ ወይም አጥር ወደ ወንዙ ማዘንበሉ፣ የማንሆል ክዳን ዙሪያው መጉደጉዱ፣ ዝናብ ሳይኖር ከዳሩ ግድግዳ ውሃ መንጠብጠቡም እንዲሁ ነው። የሚንጠባጠበው ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ ጊዜ አለ፤ ጭቃ ከሆነ ግን አፈር ይዞ እየወጣ ነውና አትዘግዩ። ዝናብ ሳይኖር የሚወጣ ውሃ ብዙ ጊዜ የተሰበረ የውሃ መስመር ወይም የሞላ የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው።

ስንጥቁን ለመከታተል በሁለቱም በኩል አንዳንድ ሚስማር ምቱ፣ መሀላቸውን በሜትር ለኩ፣ ቀኑን አጠገቡ በቀለም ጻፉ። በደረቅ ወቅት በሳምንት አንዴ፣ በክረምት ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ለኩ። በአንድ ቀን ውስጥ በሳንቲ ሜትር ደረጃ ከሰፋ መኪና ማለፉ መቆም አለበት። ይህ መዝገብ በኋላ ለማመልከቻውም ዋና ማስረጃ ይሆናል።

ሌሊት ተደረመሰ። መጀመሪያ ምን እናድርግ?

ሰው እንዳይገባበት ዝጉት። አንድ ቅርንጫፍ መሀል መንገድ ላይ መጣል የተለመደ ነው፤ በጨለማ ግን ባጃጅ ነጂ አያየውም። በሁለቱም አቅጣጫ ከአደጋው 30 ሜትር ያህል ቀደም ብሎ በርሜል ወይም የድንጋይ ክምር አድርጉ፣ ነጭ ወይም አንጸባራቂ ነገር እሰሩበት፣ ሌሊት ደግሞ መብራት ይኑረው። ርቀቱን ለመገመት የቦረቦሩን ጥልቀት ተጠቀሙ፦ ጥልቀቱ 4 ሜትር ከሆነ ሰው ከጠርዙ ቢያንስ 4 ሜትር፣ መኪና ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። ይህ ግምት ነው፤ አፈሩ ገና እርጥብ ከሆነ ጨምሩበት። ፎቶ ለማንሳት ጠርዙ ላይ መቆም በጣም የተለመደው ስሕተት ነው፤ ከማዶ ሆናችሁ አንሡ።

ምሰሶ ካዘነበለ ወይም ሽቦ ከወደቀ ማንም አይጠጋ፤ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጥሪ ማዕከል 905 ነው። የተጎዳ ሰው ካለ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ ይገኛል። የተሰበረ የውሃ መስመር ካለ ለከተማው የውሃ አገልግሎት ወዲያው ተናግራችሁ አስዘጉ፤ አንድ የተሰበረ ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ ካደረ የጎርፉን ያህል ይንዳል።

ከዚያ ወደ ውሃው ዙሩ። ጉድጓዱን ለመሙላት አትቸኩሉ፤ ከላይ በኩል በመንገዱ እየወረደ ወደ ስብራቱ የሚገባውን ውሃ አስቀይሱ። አሸዋ የሞሉ ማዳበሪያዎች ለዚህ በቂ ናቸው፣ አሞላላቸውን ካወቃችሁበት። ማዳበሪያው ሁለት ሦስተኛ ብቻ ይሞላ፤ ጢም ያለ ማዳበሪያ ድቡልቡል ሆኖ መሀሉ ውሃ ያሳልፋል። አፉ ታጥፎ ወደ ታች ይዙር፣ ሁለተኛው ረድፍ እንደ ብሎኬት የታችኛውን መጋጠሚያ ሸፍኖ ይቀመጥ፣ እያንዳንዱ በእግር ይረገጥ። ውሃውን ወደ ጎረቤት ግቢ ሳይሆን ወዳለ ቦይ ምሩት። ማዳበሪያ ወንዙ ሆድ ውስጥ መደርደር ግን ድካም ነው፤ የሚቀጥለው ጎርፍ ይዞት ሄዶ ከታች ያለውን ቱቦ ይደፍንበታል።

መንገዱ ኮብልስቶን ከሆነ የተንጠለጠለውን ድንጋይ ከደህናው ጎን ሆናችሁ እየለቀማችሁ ከርቀት ከምሩ፣ ቁጥሩንም መዝግቡ። በኋላ ተመልሶ ይነጠፋል። ካልተሰበሰበ በሁለት ሳምንት ውስጥ የማን አጥር ሥር እንደሚገኝ ሁሉም ያውቃል።

በየዓመቱ ገረጋንቲ ይደፋል፣ በየዓመቱ ጎርፍ ይወስደዋል። ለምን አይጸናም?

የተደፋ አፈር የተሠራ አፈር አይደለም። ሲኖትራክ ከላይ ሆኖ ወደ ቦረቦሩ የገለበጠው ገረጋንቲ ወይም ቀይ አሸዋ መሀሉ ሁሉ ክፍተት ነው። ዶዘር ላዩን ደልድሎት ሲሄድ የተጠቀጠቀው የላይኛው ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ሰርጎ ይገባል፣ ሙሌቱ ይሰምጣል፣ ከነባሩ አፈር ጋር የተገናኘበት መስመር ይከፈታል፣ ጎርፉም በዚያ መስመር ገብቶ ሙሉውን ይዞት ይሄዳል።

በትክክል የሚሠራው ከታች ተነሥቶ ነው። መጀመሪያ የላላው አፈር ሁሉ ይጠረጋል። ነባሩ ዳር ቀጥ ያለ ግድግዳ ከሆነ በደረጃ ይቆረጣል፣ አዲሱ ሙሌት እንዲነክስበት። ከዚያ ከ20 ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ንብር እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተረጨ፣ እያንዳንዱ ንብር እየተጠቀጠቀ ይወጣል። 3 ሜትር ጥልቀት ቢያንስ 15 ንብር ማለት ነው፤ ግማሽ ቀን ውስጥ አለቀ ከተባለ አልተሠራም። ትልቁ ሮለር ጠርዝ ላይ መውጣት ስለማይችል ጠርዙ በእጅ ኮምፓክተር ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም ይሄ ነው። የተጠቀጠቀው አፈር ጥግግት ቦታው ላይ ይለካል፤ ለመንገድ በተለምዶ የሚጠየቀው በላቦራቶሪ ከተገኘው ከፍተኛ ጥግግት ቢያንስ 95 ከመቶ ነው። የፈተናውን ውጤት ለማየት መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

ይህ ሁሉ ተሠርቶም የወንዙ ዳር እግሩ ካልተጠበቀ ዋጋ የለውም። ገረጋንቲ ብቻውን መፍትሔ የሚሆንበት የወንዝ ዳር የለም።

ጋቢዮን ይሻላል ወይስ የድንጋይ ግንብ?

ለአዳማ ዓይነት አፈር አብዛኛውን ጊዜ ጋቢዮን። ግንብ ከሥሩ ያለው አፈር ትንሽ ቢሰምጥ ይሰነጠቃል፤ ጋቢዮን ጎንበስ ብሎ ይቀመጣል። ግንብ ከኋላው የታቆረውን ውሃ ማሳለፊያ ካልተበጀለት ተገፍቶ ይወድቃል፤ ጋቢዮን ራሱ ያሳልፋል። ቦታው ጠባብ ከሆነና ጠንካራ መሠረት ከተገኘ ግንብም ይሠራል፤ ግን በየ1.5 እስከ 2 ሜትሩ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፣ ከቀዳዳው ጀርባ ጠጠር ይሞላ። በየሰፈሩ የተገፉ ግንቦችን ብትመለከቱ ብዙዎቹ ወይ ቀዳዳ የላቸውም ወይ ቀዳዳቸው በሲሚንቶ ተደፍኗል።

ጋቢዮንም በስሙ ብቻ አያድንም። የተለመደው ሳጥን 2 ሜትር በ1 ሜትር በ1 ሜትር ነው፤ የሽቦው ዓይን 8 በ10 ሳንቲ ሜትር፣ ሽቦው ዚንክ የተቀባና 2.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሚወፍር። ድንጋዩ ጥቁርና ጠንካራ ይሁን፣ ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር። ቀይ አሸዋ ድንጋይና በእጅ ሲያነሱት የሚቀል ነጭ ድንጋይ አይገባም፤ እርስ በርሱ ተፋጭቶ ይደቅና ሳጥኑ ይጎድላል። ከ10 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ድንጋይ በዓይኑ ይወጣል። ሳጥኑ በሦስት ዙር ይሞላል፤ በየዙሩ የፊትና የኋላ ገጹ በሽቦ ይሳሳባል፣ አለበለዚያ ሆዱ ይነፋል። ድንጋዩ በእጅ ይደረደራል እንጂ በአካፋ አይጣልም። ክዳኑ ጥግ በጥግ ይሰፋል፣ ሳጥኖቹም እርስ በርስ ይታሰራሉ። ከጀርባ በኩል አፈሩ ተጣርቶ እንዳይወጣ ጂኦቴክስታይል ጨርቅ ይደረጋል። ጨርቁን መተው ገንዘብ መቆጠብ ይመስላል፤ ሁለት ክረምት ሳይሞላ ጋቢዮኑ ቆሞ ከኋላው ያለው መንገድ ይሰምጣል።

ከሁሉም የሚበልጠው መሠረቱ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ከወንዙ ወለል በታች ይቀበራል፤ ከፊቱም 30 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር የጋቢዮን ምንጣፍ ወደ ወንዙ ይዘረጋል። ጎርፉ ከፊቱ ሲቆፍር ምንጣፉ ወደ ጉድጓዱ አጎንብሶ ይሸፍነዋል። ወንዙ 1.5 ሜትር ሊቆፍር ይችላል ተብሎ ከተገመተ ምንጣፉ ወደ 3 ሜትር ይዘረጋ። ሁለቱ ጫፎችም ወደ ነባሩ ዳር ገባ ብለው ይቀበሩ፤ ጎርፍ ብዙ ጊዜ የሚገባው ከመሀል ሳይሆን ከጫፍ ዞሮ ነው።

ለ20 ሜትር ርዝመት ስንት ሳጥንና ስንት ድንጋይ ይፈጃል?

ቁመቱ 3 ሜትር፣ የታችኛው ረድፍ ስፋት 2 ሜትር፣ የመካከለኛው 1.5፣ የላይኛው 1 ሜትር ቢሆን፦ ከታች 20 ሳጥን ባለ 2 ሜትር በአግድም፣ መሀል ላይ 20 ሳጥን ባለ 1.5 ሜትር፣ ከላይ 10 ሳጥን ባለ 2 ሜትር፣ በግንቡ ርዝመት የተጋደሙ። ድምሩ 50 ሳጥን፣ 90 ሜትር ኩብ ድንጋይ። ምንጣፉ 20 በ3 በ0.3 ሲባዛ 18 ሜትር ኩብ ይጨምራል። ለብክነት አሥር ከመቶ ሲታሰብ 120 ሜትር ኩብ አካባቢ ይሆናል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን መኪና ስምንት ምልልስ። ይህ ቁጥር ዲዛይን አይተካም፤ ጥቅሙ «በሁለት መኪና ድንጋይ እንጨርሳለን» ሲባል ለመጠየቅ ነው።

ቱቦው ሁልጊዜ ይደፈናል። መፍትሔው ምንድን ነው?

60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ለመንገድ ማቋረጫ ጠባብ ነው። ሰው ገብቶ ሊያጸዳው አይችልም፣ ሃይላንድና ፌስታል በቀላሉ ይደፍነዋል። 90 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በተመሳሳይ ተዳፋት ሦስት እጥፍ ያህል ውሃ ያሳልፋል፤ ስፋቱ በግማሽ ብቻ ጨምሮ ማለት ነው። ስለዚህ ቱቦ ሲቀየር «ያው ዓይነቱ ይተካ» የሚል ጥያቄ አታቅርቡ።

የጽዳቱ ጊዜ ግንቦት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ግን የመጀመሪያው ጎርፍ ዜና ከሆነ በኋላ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይና ነሐሴ አጋማሽ ላይ ድጋሚ መታየት አለበት፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ደለል የሚያመጡት የመጀመሪያዎቹ ከባድ ዝናቦች ናቸው። ከቦዩ የወጣው ደለል ያኑ ቀን ካልተጫነ ባይጸዳ ይሻል ነበር፤ በዳሩ ተከምሮ ያድርና በሚቀጥለው ዝናብ ወደነበረበት ይመለሳል፣ የሠራተኛው ክፍያም ሁለት ጊዜ ይወጣል።

ለመሆኑ ኃላፊው ማን ነው?

የመንገዱ ዓይነት ይወስነዋል። ከተማን ከከተማ የሚያገናኙ ዋና መንገዶች የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ናቸው። የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ የክፍያ መንገዶች ኢንተርፕራይዝ ነው። የውስጥ ለውስጥ አስፋልት፣ ኮብልስቶንና የጎርፍ መውረጃ የከተማ አስተዳደሩ ነው። ችግሩ የሚወሳሰበው ዋናው መንገድ ከተማ ውስጥ ሲያልፍና የጎርፍ ቦዩ ከጎኑ ሲሆን ነው፤ አንዱ ወደ ሌላው ይጠቁማል። እንዲህ ሲሆን ለሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ጽሑፍ አመልክቱና እያንዳንዱን ለሌላው በግልባጭ አሳውቁ።

ማመልከቻው እንዴት ቢጻፍ ነው የሚሰማው?

በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ፤ የከተማ አስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ እሱ ነው። በአማርኛ የተጻፈውን አያይዙት። አንድ ገጽ ይብቃ፤ የምሬቱ ታሪክ በቃል ይነገራል። ወረቀቱ ላይ የሚቀመጠው ቦታው ነው፦ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የሚታወቅ ምልክት፣ ከስልክ ላይ የተወሰደ የካርታ ነጥብ። ከዚያ ልኩ፦ የተደረመሰው ርዝመት፣ ጥልቀት፣ የቀረው የመንገድ ስፋት፣ ከቅርቡ ቤትና ምሰሶ ያለው ርቀት። ፎቶው ላይ ባለ አንድ ሜትር እንጨት ወይም የቆመ ሰው ይታይ፤ መጠኑ የማይታወቅ ጉድጓድ ፎቶ ለመሐንዲስ ምንም አይነግረውም። መንገዱን የሚጠቀሙ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ወፍጮ ቤት ካሉ ተቆጥረው ይጻፉ።

ጥያቄውን በሦስት ክፈሉት፦ ዛሬ የሚፈለገው (መዝጋትና ምልክት)፣ በሳምንታት ውስጥ የሚፈለገው (ውሃውን ማስቀየስ፣ ቱቦ መጥረግ)፣ በበጋ የሚፈለገው (ዲዛይንና ቋሚ ሥራ)። «መንገዳችን ይሠራልን» ለሚል ማመልከቻ «በእቅድ ይዘናል» ቀላል መልስ ነው። ሦስት የተለያየ ጥያቄ ሦስት የተለያየ መልስ ይፈልጋል።

ገቢ መዝገብ ቤት አስመዝግቡ፣ ቁጥሩንና ቀኑን በእናንተ ቅጂ ላይ አስጽፉ፣ ማኅተም አስመቱ። ይህ የሌለው ማመልከቻ አልገባም ማለት ነው፣ የፈለገውን ያህል ኃላፊ ቢያነበው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንን ቁጥር ጠቅሳችሁ ሁለተኛ ደብዳቤ አስገቡ። ወረዳው ካልመለሰ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ከንቲባ ጽሕፈት ቤትና የቅሬታ ሰሚ አካሉ። እነዚህ ሁሉ ካልሠሩ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል፤ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የአስተዳደር በደልን ለመመርመር ነው፣ አሁን የሚሠራበትም አዋጅ ቁጥር 1142/2011 ነው። እዚያም መጀመሪያ የሚጠየቀው የገቢ ቁጥሮቻችሁ ናቸው።

ሁልጊዜ «በጀት የለም» እንባላለን። እውነት ነው?

በነሐሴ ከተጠየቀ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ግን የእውነቱ ምክንያት የቀን መቁጠሪያው ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። ጎርፉ የሚመጣው አሮጌው ሒሳብ ተዘግቶ አዲሱ ገና በእጅ ሳይገባ ነው። ጨረታ ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ውል ተፈርሞ ሥራ እስኪጀመር ወራት ይሄዳል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ የተደረመሰ መንገድ ጥያቄው ያኔ ካልገባና በበጋው ካልተከታተሉት፣ ወረፋው ሲደርስ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል።

የሚያዋጣው አካሄድ እንዲህ ነው፦ መስከረም ላይ ጉዳቱ ይመዝገብ፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ መሐንዲስ መጥቶ እንዲለካ ይጠየቅ፣ ለዚያው ዓመት ተጨማሪ በጀት ወይም የድንገተኛ ጥገና ገንዘብ መኖሩ ይጠየቅ፣ ካልሆነ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ለቀጣዩ ዓመት እቅድ ውስጥ መግባቱ በጽሑፍ ይረጋገጥ። የመሬት ሥራው ራሱ ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሠራ ነው የሚያምርበት።

አንድ ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 66/1989 የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ በዋናነት ከነዳጅ ላይ የሚሰበሰብ ገንዘብ ነው፤ የሚውለውም ለጥገና ነው፣ ከተሞችም ድርሻ አላቸው። «የኛ መንገድ በዘንድሮው የመንገድ ፈንድ ጥገና እቅድ ውስጥ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ «በጀት አለ ወይ?» ከሚለው ይልቅ አዎ ወይም አይደለም ያስብላል።

ውሉንና ዲዛይኑን ማየት እንችላለን?

የመንግሥት አካል የያዘውን መረጃ መጠየቅ መብት ነው፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ይፈቅዳል፣ መልስ የሚሰጥበትም ጊዜ 30 ቀን ነው። ከሁሉ በፊት የምትጠይቁት የጊዜያዊ ርክክቡን ቀን ይሁን። በግንባታ ውል ከጊዜያዊ ርክክብ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት የዋስትና ጊዜ አለ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በአሠራር ጉድለት የታየውን ብልሽት ተቋራጩ በራሱ ወጪ ያስተካክላል፣ የተያዘበት ገንዘብም የሚለቀቀው የመጨረሻ ርክክብ ሲደረግ ነው። መንገዱ በስምንተኛ ወሩ ተደርምሶ ማንም ሳያሳውቅ በአሥራ አራተኛ ወሩ ማመልከቻ ከገባ ወጪው ወደ ከተማው፣ ማለትም ወደ ነዋሪው ይመለሳል።

ሰፈሩ ራሱ አዋጥቶ ቢሠራስ?

የሚቻለውና የማይቻለው ይለይ። ቦይ መጥረግ፣ ማዳበሪያ መደርደር፣ ኮብልስቶን መልሶ መንጠፍ ይቻላል። የወንዝ ዳር ግንብ ግን ያለ ዲዛይንና ያለ ከተማው ፈቃድ አትሥሩ፤ የተሳሳተ ግንብ ጎርፉን ወደ ማዶ ሰፈር ይገፋና ጠቡ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ጎረቤት ይዞራል። ከተማው ዲዛይንና ማሽን፣ ነዋሪው ድንጋይና ጉልበት የሚያዋጡበት አሠራር የተለመደ ነው፤ ድርሻው በቃለ ጉባዔ ይፈረም። ገንዘቡ በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ ለእያንዳንዱ መዋጮ ደረሰኝ ይሰጥ። ሦስት ፕሮፎርማ ሳይሰበሰብ ድንጋይ አይገዛ።

ዛፍ ብንተክልበት?

ባሕር ዛፍ ጠርዝ ላይ አትትከሉ፤ ሲያድግ ነፋስ ይዞት ከነአፈሩ ይወድቃል። ቬቲቨር ሳር ይሻላል፣ ሥሩ 2 እና 3 ሜትር ወደ ታች ይወርዳል። ክረምት መግቢያ ላይ በ10 እና 15 ሳንቲ ሜትር ልዩነት፣ ተዳፋቱን አቋርጦ በረድፍ ይተከል፤ አንድ ሙሉ ወቅት ከፍየል ይጠበቅ። ላዩን ይይዛል እንጂ ጎርፉ የሚመታውን እግር አይተካም።

ቤቴ ከጠርዙ አጠገብ ነው። በግቢዬ ምን ላድርግ?

የጣሪያ ውሃ መጀመሪያ። 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 4,000 ሊትር ይወርዳል። አሸንዳ አድርጋችሁ ወደ መንገዱ ቦይ ወይም ወደ ታንከር ምሩት፤ ከቤቱ ጀርባ ወደ ወንዙ ዳር የሚንጠባጠብ ከሆነ የራሳችሁን መሬት እየቆረጣችሁ ነው። የመጸዳጃ ጉድጓድ በወንዙ በኩል ካለ ይመጠጥ፣ ከተቻለ ወደ መንገዱ በኩል ይዛወር። ቆሻሻና የግንባታ ፍርስራሽ ጠርዙ ላይ መድፋት ዳሩን የሚያጠነክር ይመስላል፤ በእውነቱ የላላ ክብደት ነው የሚጨምረው።

ጉዳት ደርሶብኛል። ካሳ ይገኛል?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ባጠፋው ጥፋት ለደረሰ ጉዳት መንግሥት ሊጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ክሱ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ ቁጥር 2143። የሚከብደው ጥፋት መኖሩን ማስረዳት ነው፤ «ጎርፍ ነው» የሚለው መከላከያ ቀድሞ ይመጣል። ይህን የሚያፈርሰው ከጉዳቱ በፊት የገባ ማመልከቻ ነው፦ አደጋው ተነግሯቸው፣ ቀኑና ቁጥሩ ተመዝግቦ፣ ምልክት እንኳ ሳይቆም ቀርቶ ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። የፖሊስ ሪፖርት፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የጥገና ደረሰኝ ዋናውን ያዙ፣ ቅጂውን ስጡ። ሙሉ ኢንሹራንስ ያለው መኪና ከሆነ መኪናውን ከማንሳታችሁ በፊት ለመድን ድርጅቱ አሳውቁ።